የእሽቅድምድም ሜዳ (ትራክ) መኪናዬ ራዲያተር ላይ ወንፊት ላድርግ ወይስ ያፈላብኛል?

የቀረበው ጥያቄ፦ «ሰላም ጋሼ። የምኖረው ቨርጂኒያ ነው። የ2001 ሞዴል ማዝዳ ሚያታ አለችኝ፤ ሲመቸኝ ሳሚት ፖይንት በሚባለው የእሽቅድምድም ትራክ ላይ እነዳታለሁ። ክብደት ለመቀነስ ብዬ ኤሲውን ከነኮንዴንሰሩ አወጣሁት። ባለፈው ከፊቴ የነበረው መኪና ያስፈነጠረው ድንጋይ ራዲያተሬን በሳውና ተጎትቼ ወጣሁ። አሁን ሙሉ አልሙኒየም ራዲያተር ገዝቻለሁ። ግማሹ ሰው ፊቱን በሽቦ ወንፊት ሸፍነው ይለኛል። ሌላው ደግሞ አየር ትከለክለውና ያፈላል ይለኛል። የቱን ልስማ? ወንፊት ካደረግኩስ ምን ዓይነት? እግረ መንገዴን፣ ከአንቱፍሪዝ (ውሃው በረዶ እንዳይሆን ከሚጨመረው ፈሳሽ) ይልቅ ንጹሕ ውሃ ይሻላል የሚሉትስ እውነት ነው?»

ወንድሜ፣ በመጀመሪያ እንኳን ነገሩ በራዲያተር አለቀ። ውሃው ካለቀ በኋላ ትንሽ ብትገፋበት ኖሮ ዛሬ የምናወራው ስለ ቴስታታ፣ ማለትም ስለ ሞተሩ የላይኛው ክፍል ነበር። አልሙኒየም ቴስታታ ሙቀት ሲበዛበት ይጣመማል፣ በሱና በብሎኩ መሃል ያለው ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮኑም አብሮ ይሄዳል። ደግሞ አንድ ነገር ልብ በል። ውሃው ሙጥጥ ብሎ ከወጣ የሙቀት ሴንሰሩ በደረቁ ይቀራል። ያኔ ጌጁን ማመን አይቻልም፤ ሞተሩ እየተቃጠለ መርፌው ሊወርድ ይችላል። ስለዚህ አዲሱን ራዲያተር ከመግጠምህ በፊት ኮምፕሬሽኑን አስለካ። የዘይቱንም መልክ እይ። ነጣ ብሎ ከወፈረ ውሃ ገብቶበታል ማለት ነው።

ወደ ጥያቄህ ስመጣ፣ መልሴ ወንፊቱን አድርግ ነው። ግን ባምፐሩ አፍ ላይ፣ አየር በሚገባበት የፊት ክፍተት ላይ አትለጥፈው። ወደ ውስጥ አስገብተህ፣ ወደ ራዲያተሩ አስጠግተህ፣ ሳታስነካው ግጠመው። ሁለቱም መካሪዎችህ የያዙት እውነት አለ። የሚከራከሩት ወንፊቱ የት እንደሚቀመጥ ሳይነጋገሩ ስለሆነ ነው እንጂ ያን ያህል የሚያጣላ ነገር የለም።

እስቲ መጀመሪያ ለምን እንደተበሳብህ እንይ። ኤሲውን ከማውጣትህ በፊት ራዲያተሩ ፊት ኮንዴንሰር ነበረ። ድንጋዩን ሲቀበልልህ የኖረው እሱ ነው። አንተ ክብደት ቀነስኩ ስትል ጋሻህንም አብረህ አወጣኸው። በሌላ በኩል ግን ኮንዴንሰር ማለት ራሱ በስስ ፊን (ሙቀት በሚበትኑ ስስ የብረት ቅጠሎች) የታጨቀ ሌላ ራዲያተር ነው። አየሩ እሱን ሰንጥቆ ለማለፍ ብዙ ግፊት ያጣ ነበር። ኤሲው ሲሠራማ አየሩን አሙቆ ነበር ወደ ኋላ የሚልከው። ማዝዳ ራዲያተሩን የመጠነው ይህን ሁሉ አስቦ ነው። ያን ትልቅ እንቅፋት አውጥተህ ቀጭን ሽቦ ብትተካበት፣ ሽቦው ከኮንዴንሰሩ አንፃር እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ያፈላል የሚሉህ ሰዎች ይህን ሒሳብ ውስጥ አያስገቡትም።

አሁን ደግሞ ስለ ድንጋዩ። ሰው ድንጋይ መታኝ ይላል። አብዛኛውን ጊዜ የፊተኛው ጎማ ድንጋዩን ወደ ላይ ያነሳዋል፣ አየር ላይ ይንሳፈፋል፣ አንተ በፍጥነትህ መጥተህ ትገጨዋለህ። ጉዳቱን የሚወስነው ያንተ ፍጥነት ነው ማለት ነው፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ጉልበቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ስፋቱ 2 ሴንቲ ሜትር የሆነ ጠጠር 11 ግራም ገደማ ይመዝናል። በሰዓት 160 ኪሎ ሜትር ስትገጨው 11 ጁል ያህል ጉልበት አለው። አንድ ኪሎ መዶሻ ከአንድ ሜትር በላይ ከፍታ ስትለቀው የሚያርፍበት ጉልበት ነው። ያ ሁሉ ጉልበት የሚያርፈው ደግሞ ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል በሆነው የራዲያተር ቱቦ ጠርዝ ላይ ነው።

6 ሚሊ ሜትር የሆነ ጠጠር ግን ክብደቱ ከአንድ ሦስተኛ ግራም አይበልጥም። ጉልበቱም ከትልቁ ጋር ሲነጻጸር ሠላሳ ሰባት እጅ ያህል ያነሰ ነው። ፊን ያጎብጣል እንጂ ደህና ቱቦ አይበሳም። ስለዚህ ወንፊትህ ሊያስቆም የሚገባው ከ6 ሚሊ ሜትር የሚበልጠውን ነው። ከዚያ በታች ያለውን ልይዝ ካልክ የትንኝ መረብ ልታስገባ ነው፤ እሱ ደግሞ ጉዳቱ ይብሳል። የጎበጠ ፊን በማበጠሪያው ይቃናል። የፊን ማበጠሪያ በየመለዋወጫ ሱቁ አለ፣ ርካሽ ነው፣ አንድ ሣጥንህ ውስጥ ይኑርህ።

ምን ልግዛ ላልከው፣ እዚያው አሜሪካ በየሕንፃ መሣሪያ መደብሩ ሃርድዌር ክሎዝ ተብሎ የሚሸጠው፣ ሰው ለዶሮ ቤት የሚገዛው ባለ ሩብ ኢንች አራት ማዕዘን ሽቦ በቂ ነው። ከአንዱ ሽቦ እስከ ሌላው 6.35 ሚሊ ሜትር ነው፤ የሽቦው ውፍረት ደግሞ 0.64 ገደማ። ሒሳቡ ቀላል ነው። ከ6.35 ላይ 0.64 ቀንስ፤ የቀረውን ለ6.35 አካፍል፤ ያገኘኸውን በራሱ አባዛው። 0.81 ይመጣል። 81 በመቶው ክፍት ነው ማለት ነው። ከማይዝግ ብረት የተሠራ ካገኘህ የተሻለ ነው፣ ግን ሽቦው ወፈር ሊል ስለሚችል ይህንኑ ሒሳብ ሠርተህ ግዛ። ከ75 በመቶ በታች ከወረደ ተወው።

ግማሽ ኢንቹ 84 በመቶ ክፍት ነው። ለ3 በመቶ ትርፍ 11 ሚሊ ሜትር ጠጠር ታሳልፋለህ። አያዋጣም።

ከሁሉም በላይ የማስጠነቅቅህ ከዚያ ከሚያምረው ቆርቆሮ ነው። ክብ ክብ ቀዳዳ ያለውን፣ ጥቁር ቀለም የተቀባውን፣ ለውድድር መኪና ተብሎ የሚሸጠውን ማለቴ ነው። ሲያዩት ቀዳዳ ብቻ ይመስላል። ግን 6 ሚሊ ሜትር ቀዳዳዎች በ9 ሚሊ ሜትር ርቀት የተደረደሩበት ላሜራ ክፍት የሆነው 40 በመቶው ብቻ ነው። ግማሽ ክፍት ነው ማለት ግማሽ እንቅፋት ነው ማለት እንዳይመስልህ። አየሩ በቀዳዳዎቹ ሲጨናነቅ ይፈጥናል፣ ከወጣ በኋላ ይበታተናል፣ የሚባክነው ግፊት ከሽቦው ወንፊት ወደ አሥር እጥፍ ወይም ከዚያ በላይ ይሆናል። ሽቦው ክብ ስለሆነ አየሩ ያልፈዋል፤ ላሜራው ግን ስለታም ጠርዝ ነው ያለው። ወንፊት ገጥሜ አፈላብኝ ከሚሉህ ሰዎች ብዙዎቹ የገጠሙት ይህን ይመስለኛል።

አሁን ዋናው ነገር ላይ ደርሰናል፤ ቦታው። የሚያታ አፍ ከራዲያተሩ ፊት ያነሰ ነው። ለስሌት እንዲመቸን አፉ የራዲያተሩን አንድ ሦስተኛ ያህላል እንበል። ያው አንድ ዓይነት አየር በሁለቱም ማለፍ ስላለበት፣ አፉ ላይ የሚሄድበት ፍጥነት ራዲያተሩ ፊት ካለው ሦስት እጥፍ ነው። ወንፊት የሚያስከፍለው ግፊት ደግሞ በፍጥነቱ ስኩዌር ይጨምራል። ሦስት ጊዜ ሦስት ዘጠኝ። አንዱኑ ወንፊት አፉ ላይ ስታስረው ራዲያተሩ ፊት ከምታስረው ዘጠኝ እጥፍ ያስከፍልሃል።

በቁጥር ላሳይህ። አየሩ ራዲያተሩ ፊት በሰከንድ 8 ሜትር ቢሄድ አፉ ላይ 24 ነው። ያ ባለ 81 በመቶ ወንፊት ራዲያተሩ ፊት ሲሆን የሚበላው ወደ 12 ፓስካል ነው (ፓስካል የግፊት መለኪያ ነው)። አፉ ላይ ሲሆን ከ100 በላይ። በሰዓት 160 ኪሎ ሜትር ስትሄድ ነፋሱ የሚሰጥህ ጠቅላላ ግፊት 1,200 ፓስካል አይሞላም፤ ከዚያም ላይ ራዲያተሩ ራሱ፣ መታጠፊያው፣ መውጫው ይካፈሉታል። 12 አይታወቅህም። 100 ግን በሞቃት ቀን ይታወቅሃል።

እንግዲያው ለምን ከራዲያተሩ ጋር አላጣብቀውም ትለኝ ይሆናል። ሦስት ነገር ይበላሻል። አንደኛ፣ ድንጋዩ ሲመታው ወንፊቱ ወደ ኋላ ይጎብጣል፤ ክፍተት ከሌለ ሽቦው ራሱ ቱቦውን ይወጋዋል። ሁለተኛ፣ መኪናው ሲንቀጠቀጥ ብረት አልሙኒየሙን እየፈገፈገ ያሳሳዋል። ሦስተኛ፣ ብረትና አልሙኒየም እየተነካኩ የክረምት መንገድ ጨው ሲደርስባቸው አልሙኒየሙ ነው የሚበላው። ከ3 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ራቅ አድርገው። የወንፊቱን ዙሪያ በጠባብ የአልሙኒየም ፍሬም እሰረው፤ ፍሬሙና ሽቦው በሚገናኙበት ጎማ አስገባ። ፍሬሙን በራዲያተሩ ሳይሆን በመኪናው አካል ላይ በአራት ቡሎን ያዘው፤ በእጅ የሚፈታ ቡሎን ቢሆን ደስ ይለኛል፣ ምክንያቱን ወደ ታች ታገኘዋለህ። ደግሞ እነዚያን በራዲያተሩ ፊን መሃል ተሰክተው የሚያልፉ የፕላስቲክ ማሰሪያዎች በምንም ዓይነት አትጠቀም። እየተወዛወዙ ቱቦ ይበሳሉ።

ቦታ ስላለህ ሌላም ነገር አድርግ። ወንፊቱን ቀጥ አድርገህ አታቁመው። ላይኛው ጫፍ ወደ ፊት፣ ታችኛው ወደ ኋላ ይሁን። ሲያዘነብል ስፋቱ ስለሚጨምር አየሩ በያንዳንዱ ቀዳዳ ቀስ ብሎ ያልፋል። ቅጠሉና የጎማው ፍርፋሪም መሃል ላይ ከመለጠፍ ይልቅ እየተንሸራተተ ታች ይጠራቀማል።

ይህን ሁሉ ከማድረግህ በፊት ግን ሊሠራ የሚገባው ሌላ ሥራ አለ። ከወንፊቱ ይልቅ እዚህ ላይ ብትደክም ደስ ይለኛል። አየር ሰነፍ ነው፤ ቀላሉን መንገድ ካገኘ በራዲያተሩ አያልፍም። ሚያታ ላይ በራዲያተሩ ግራና ቀኝ፣ ከላይም ሰፊ ክፍተት አለ። ኮንዴንሰሩ ሲወጣ ደግሞ ክፍተቱ ይብሳል። አፉን አልፎ የገባው አየር በዚያ ይሾልካል። ማታ መኪናዋን ጨለማ ቦታ አቁም። ኮፈኑን ክፈትና ከራዲያተሩ ኋላ ኃይለኛ መብራት አስቀምጥ። ከዚያ ኮፈኑን መልሰህ፣ ፊት ለፊት ተንበርክከህ በአፉ ወደ ውስጥ እይ። በራዲያተሩ ፊን በኩል ደብዘዝ ያለ ብርሃን ይታይሃል፣ እሱ ደህና ነው። በጎን፣ በላይ፣ በታች ቦግ ብሎ የሚወጣ ብርሃን ካለ አየሩም በዚያው ነው የሚያመልጥህ። በጠመኔ ምልክት አድርግበት።

ክፍተቶቹን በቀጭን የአልሙኒየም ላሜራ፣ ወይም ለማስታወቂያ ሰሌዳ በሚሆነው ባለ ሁለት ድርብ ፕላስቲክ ዝጋ። ከአፉ ጠርዝ እስከ ራዲያተሩ ጠርዝ ግድግዳ ሥራለት። መጋጠሚያውን ውሃ በማይመጥ ስፖንጅ ድፈነው፤ ውሃ የሚመጥ ከሆነ በሁለት ዝናብ ይበሰብሳል። ከሥር ያለውን የፕላስቲክ ሽፋን አውጥተኸው ከሆነ መልሰው። ብዙ ሰው ሞተሩ እንዲተነፍስ ብሎ ያወጣዋል። ሥራው ግን ተቃራኒ ነው፤ ከሥር የሚሄደው አየር ወደ ሞተሩ ክፍል ገብቶ የራዲያተሩን መውጫ እንዳይዘጋ የሚያደርገው እሱ ነው። ይህን በደንብ የሠራ መኪና ወንፊቱ የሚበላውን መልሶ ትርፍም ያገኛል።

ስለ መውጫው ካነሳን፣ አየር ካልወጣ አይገባም። ኮፈኑ ላይ መተንፈሻ የምታስቀድ ከሆነ ቦታው ከራዲያተሩ ወዲያው ኋላ፣ ወደ ኮፈኑ ፊት ነው። እዚያ ላይ ግፊቱ ዝቅተኛ ስለሆነ ትኩሱን አየር ይስበዋል። ኮፈኑን ከኋላ በኩል፣ መስታወቱ ሥር ከፍ ማድረግ የሚባለውን ፋሽን ግን ተወው። ነፋሱ መስታወቱን ሲገጭ እዚያ ጋ ግፊት ይፈጠራል። በፍጥነት ስትሄድ ትኩሱ አየር በዚያ ሊወጣ ይቅርና ከውጭ ያለው ወደ ውስጥ ይገባል። ቆመህ ስታየው ጭስ ሲወጣ ስለምታይ የሠራ ይመስልሃል።

ማራገቢያዎቹ ላይ አልቆይም። ኤሲው ስለወጣ ከሁለቱ አንዱን ማውጣት ትችላለህ። ሌላው ግን ይኑር፤ ከዙር ወጥተህ ስትቆም ያስፈልግሃል።

አሁን ወንፊቱ ይዞት ስለሚመጣው ችግር። ወንፊት የሚይዘው ድንጋይ ብቻ አይደለም፤ ቅጠል፣ ሣር፣ የፕላስቲክ ከረጢት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የጎማ ፍርፋሪ ይይዛል። ናስካር የሚባለውን የአሜሪካ የመኪና እሽቅድምድም የምታይ ከሆነ አይተኸው ይሆናል። እነሱ ለፍጥነት ሲሉ የፊቱን አፍ በቴፕ አጥብበው ሲሮጡ ኖረዋል። ከተመልካች መሃል የተነሳ አንዲት የምግብ መጠቅለያ ወረቀት አፉ ላይ ስትለጠፍ የውሃው ሙቀት ሽቅብ ይወጣል። ሾፌሩ ሌላ መኪና ኋላ ጥግ ድረስ ይጠጋል። የፊተኛው መኪና ነፋሱን ሲከልልለት ወረቀቷን የያዛት ግፊት ይቀንስና ትወድቃለች። አንተ እንዲህ ልታደርግ አትችልም፤ ደንቡም አይፈቅድልህም። ሙቀቱ በድንገት ከወጣ ፍጥነት ቀንስና ወደ ፒት፣ ከትራኩ ዳር ወዳለው መቆሚያ ግባ።

የጎማ ፍርፋሪው ትኩስ ሳለ ይጣበቃል፤ ከቀዘቀዘ በኋላ በእጅ ይላቀቃል። ከያንዳንዱ ዙር ስትመለስ በባትሪ መብራት አፉን እይ። ማታ ቤት ስትገባ አራቱን ቡሎን ፍታና ወንፊቱን አውጥተህ አራግፈው። የፊኖቹን ፊት በለስላሳ ብሩሽና በቤት መጥረጊያ ቫኪዩም አጽዳ። ውሃ የምትጠቀም ከሆነ ከኋላ ወደ ፊት፣ በአትክልት ማጠጫ ላስቲክ ኃይል ብቻ። የመኪና ማጠቢያው ኃይለኛ ውሃ ፊኑን አጣጥፎ ያስተኛዋል። አንድ ደንበኛዬ አዲስ ራዲያተር በዚያ አጥቦ ግማሹን ፊት ዘግቶት መጣ፤ ድንጋይ እንዲህ አያደርግም። በእጅ የሚፈታ ቡሎን ይሁን ያልኩህ ለዚህ ነው። ለመፍታት የሚያስቸግር ወንፊት ማንም አያጸዳውም፤ ያልጸዳ ወንፊት ደግሞ ከነጭራሹ ከሌለው ይብሳል።

እንግዲህ ገጥመህ ስትጨርስ መሥራቱን በምን ታውቃለህ? በመኪናው ጌጅ አይደለም። የሚያታህ የሙቀት መርፌ የተሠራው ሾፌሩን እንዳያሳስብ ነው። ሰፊ በሆነ የሙቀት ልዩነት ውስጥ መሃል ላይ ቆሞ ይቀራል፣ ሲንቀሳቀስ ደግሞ ረፍዷል። መኪናህ የ2001 ስለሆነች ኦቢዲ የሚባል የመኪናውን ኮምፒውተር ማንበቢያ መሰኪያ አላት። ርካሽ አንባቢ ሰክተህ ትክክለኛውን ዲግሪ ስልክህ ላይ መዝግብ።

ስታነጻጽር የውጩን አየር ሙቀት መጻፍ አትርሳ። ቴርሞስታቱ (ውሃው ሲሞቅ ወደ ራዲያተሩ የሚለቀው በር) ሙሉ በሙሉ ከተከፈተ በኋላ የውሃው ሙቀት ከአየሩ ጋር አብሮ ነው የሚወጣው፤ አየሩ 10 ዲግሪ ሲጨምር ውሃውም 10 ገደማ ይጨምራል። በግንቦት 20 ዲግሪ አየር ላይ 98 ካየህ፣ በሐምሌ 35 ዲግሪ ላይ 113 ጠብቅ። እንግዲህ አሪፍ ነው ብለህ የተውከው መኪና በሐምሌ የሚያፈላብህ ለዚህ ነው። በተቃራኒው ደግሞ ቀዝቃዛ ቀን ላይ ወንፊቱን ብታወጣው ብታስገባው ለውጥ አታይም፤ ቴርሞስታቱ በግማሽ ተከፍቶ ሙቀቱን ራሱ እየያዘው ነው። ፈተናውን ሞቃት ቀን ላይ፣ ያለ ወንፊትና በወንፊት፣ በተመሳሳይ አነዳድ አድርገው።

ትራክ እስክትሄድ መጠበቅ ካልፈለግክ በቤት የሚሠራ መለኪያ አለ፤ እኔ በጣም ነው የምወደው። ግልጽ የሆነ ቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ ግዛ። በዩ ቅርጽ አጥፈህ ሰሌዳ ላይ እሰረውና ቀለም ያለው ውሃ ግማሹን ሙላው። አንዱን ጫፍ በወንፊቱና በራዲያተሩ መሃል፣ ሌላውን ከራዲያተሩ ኋላ አድርስ። ጫፎቹ ነፋሱን ፊት ለፊት እንዳይጋፈጡ ወደ ጎን አዙራቸው። ሰሌዳውን ጓደኛህ ይያዝልህ። ነፋስ በሌለበት ቀን አውራ ጎዳና ላይ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ሳትለዋውጥ ንዳ። የሁለቱ ውሃ ከፍታ ልዩነት አየሩን በራዲያተሩ የሚገፋው ግፊት ነው፤ አንድ ሚሊ ሜትር ወደ 10 ፓስካል ነው። ያለ ወንፊት 25 ሚሊ ሜትር አንብበህ በወንፊት 24 ብታነብ ወንፊቱን እርሳው። 18 ብታነብ ግን ወይ ሽቦው ወፍሯል ወይ ቦታው ተሳስቷል። ጎኖቹን ከደፈንክ በኋላም ለካ። ብዙ ጊዜ ልዩነቱ ከፍ ብሎ ታገኘዋለህ።

አነዳድህም ይረዳሃል። ቀጥታው መንገድ ላይ ከሰው ኋላ ስትሆን በመኪናህ ግማሽ ያህል ወደ ጎን ውጣ። ንጹሕ አየር ታገኛለህ፣ የሱ ጎማ የሚያነሳውም አንተ ላይ አይመጣም። ከፊትህ ያለው ሰው ጎማው ሣር ወይም ጠጠር ከነካ ወዲያው ራቅ በለው።

ሀገር ቤት ሆናችሁ ይህን ለምታነብቡ አንድ ነገር ልጨምር። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። አየሩ በአንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ነው፣ ውሃም ግፊት የሚይዝ የራዲያተር ክዳን ከሌለው በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ቨርጂኒያ ላይ የማይታወቅ ወንፊት እናንተ ጋ ሽቅብ ላይ ሊታወቅ ይችላል። በተለይ ነፍሳት እንዳይገቡ ብለው የትንኝ መረብ የሚያስሩ አሉ፤ እሱ ክፍትነቱ 66 በመቶ ገደማ ነው፣ ቀዳዳው ጥቃቅን ስለሆነም በአንድ ጉዞ አቧራ ይደፍነዋል። ዱባይና ኩዌት ያላችሁ ደግሞ 45 ዲግሪ አየር ይዛችሁ ነው የምትጀምሩት፣ ስለዚህ መጀመሪያ ጎኑን ድፈኑ፣ ወንፊቱን ከዚያ አስቡበት።

ስለ ውሃው ለጠየቅከኝ፣ እውነት ነው። ግማሽ በግማሽ የተደባለቀ አንቱፍሪዝ ከንጹሕ ውሃ በኪሎ 15 በመቶ ያህል ያነሰ ሙቀት ነው የሚሸከመው። 1 ባር ግፊት የሚይዝ ጥሩ የራዲያተር ክዳን ካለህ ንጹሕ ውሃ እስከ 120 ዲግሪ ገደማ ሳይፈላ ይቆያል። በዚያ ላይ አንቱፍሪዝ ትራክ ላይ ሲፈስ በጣም ያንሸራትታል፣ ቶሎም አይደርቅም። ብዙ የእሽቅድምድም ማኅበራት የሚከለክሉትም ለዚህ ነው፤ አንተ የምትነዳበት ዝግጅት ምን እንደሚል ደንቡን አንብብ። ውሃ ስትል ግን የቧንቧ ውሃ አይደለም። የተጣራ ውሃ ከዝገት መከላከያ ጋር አድርግ፣ አለዚያ አዲሱ አልሙኒየም ራዲያተር ከውስጥ ይበላል። ቨርጂኒያ ደግሞ ትበርዳለች። ውሃ በረዶ ሲሆን 9 በመቶ ያህል ይሰፋል፤ ሞተር ብሎክ ይሰነጥቃል። የትራኩ ወቅት እንዳለቀ፣ የመጀመሪያው ውርጭ ሳይመጣ፣ አፍስሰህ ግማሽ በግማሹን መልሰህ ሙላ። ስትሞላ የመኪናዋን አፍንጫ ከፍ አድርገህ፣ የቤት ውስጡን ማሞቂያ በሙሉ ከፍተህ አየሩን አስወጣ።